ሁለት ዲዳዎች በአንድ ግቢ

ይህ የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ዓይን አፋር ስለሆንሁ ለብዙ ሰው አላወራሁትም። ጣና ዳር ልብስ ሳጥብ ግን ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ከመሸንቲ እንደመጣሁ፣ ሐይቁ ዳር በሚኖሩ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ቤት ልብስ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ካገራቸው ያመጡት ትልቅ ቀይ ውሻ ነበራቸው። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ጀርባው ላይ የተጠቀለለ ነው። ዘሩ አኪታ ይባላል፤ እሱን ኩማ ይሉታል።

ኩማ አይጮህም። እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ያያል እንጂ ድምፅ የለውም። ዘበኛው ጋሽ አያሌው እኔንና እሱን እያዩ፣ «ሚስተሩ ሁለት ዲዳ ቀጠሩ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

መሐንዲሱ ጥቂት አማርኛ ይችላሉ። የኩማ ቅድመ አያቶች በሰሜን ጃፓን፣ በረዶ በሚጥልበት ተራራ፣ ድብ ያድኑ እንደነበር ነገሩኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእነዚህ ውሾች ቆዳ ለወታደር ካፖርት ስለተፈለገ ብዙዎቹ ተገደሉ። የመሐንዲሱ አባት ግን አንዲት ውሻ ከሰል በሚከሰልበት ጎጆ ደብቀው አተረፉ። ኩማ የእሷ ዘር ነው። «በከንቱ አይጮህም» አሉኝ።

ታሪኩን ብወደውም ውሻውን እሸሸው ነበር። በዚያ ፍልሰታ ልቆርብ አስቤያለሁ፤ ውሻ የነካው ሰው ደግሞ ይረክሳል ብዬ አምናለሁ። ሲጠጋኝ ቀሚሴን ሰብስቤ ዘወር እላለሁ። እሱም የገባው ይመስል ራቅ ብሎ ይተኛል።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ አያሌው የቀበሌ ስብሰባ ሄደዋል፤ መሐንዲሱም ሥራ ላይ ናቸው። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ አንሶላ ሳጥብ ንፋስ አንዱን ወስዶ ውሃው ላይ ጣለው። ልይዘው ስገባ መሬቱ ከእግሬ ሥር ጠፋ። ክረምት ነው፣ ሐይቁ ሞልቷል። ዋና አልችልም።

እውነቱን ልናገር፤ መጮህ አፈርሁ። ሰው እንዲህ ሆኜ ሊያየኝ ነው ብዬ አሰብሁ።

ያን ጊዜ ኩማ ጮኸ። ወፍራም ድምፅ ነበረው። ሁለቴ ጮኾ ውሃው ውስጥ ገባና ወደ እኔ ዋኘ። አጠገቤ ሲደርስ እጄን ከእሱ አሸሸሁ። ቁርባኑ ትዝ አለኝ። ውሃ ዋጥሁ።

እንጨት ጭነው በታንኳ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ጩኸቱን ሰምተው ዞሩ።

«አንገቱን ያዢው አንቺ ልጅ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ያዝሁት። ታንኳው እስኪደርስ ጸጥ ብሎ ደግፎኝ ቆየ። ሽማግሌው ጎትተው አወጡኝና ዳር አድርሰውኝ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

በማግስቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ ውሻ አቅፌያለሁና ቁርባኑ ይቅርብኝ ወይ ብዬ እያለቀስሁ ጠየቅኋቸው። ሁሉንም ሰምተው፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር የላከልሽን ነው ርኩስ ያልሽው? ልብስሽን አጥበሽ ነይ» አሉኝ። ቆረብሁ።

መሐንዲሱ ሥራቸው አልቆ ኩማን ይዘው ወደ አገራቸው ሲሄዱ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኛቸው ወጣ። ሰው ሁሉ እያየኝ ተንበርክኬ የኩማን አንገት አቀፍሁ። ጋሽ አያሌው አልሳቁም። ኩማም እንደ ልማዱ ዝም አለ።

ዛሬም ታንኳ ባየሁ ቁጥር ለእኒያ ሽማግሌ ዕድሜ እለምናለሁ። ለውሻ እንዴት እንደሚጸለይ ግን አላውቅም። ስለዚህ ያቺን ውሻ ጎጆ ውስጥ ደብቀው ያተረፉትን የመሐንዲሱን አባት በጸሎቴ አስባቸዋለሁ።