ሙቅ ውሃ የገባችው እንጆሪ

ዛሬ ጠዋት ባጃጄን ላወጣ ስል ጓሯችን ያየሁትን ካልነገርኳችሁ አያስችለኝም...

ታናሽ እህቴ ዝናሽ ጅዳ እሄዳለሁ ብላ ፓስፖርትም ሻንጣም ተዘጋጅቶ ነበር። ብቻ ጓሮ የተከለችውን እንጆሪ እያሳየች «ይኼ እንጆሪ ከያዘልኝ እቀራለሁ፣ ካልያዘልኝ ግን እንዳትለምኑኝ» ብላናለች። ተክሉ ደግሞ የመሀል ቅጠሉ ይጨማደድ ጀመር። በዓይን የማይታይ ተባይ እምቡጡ ውስጥ ተሸሽጎ ነው አሉ።

አንድ የምታውቀው የግብርና ባለሙያ፣ ነቅላ ሥሩን አጥባ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንድትነክረው መከራት። ሙቀቱ ልክ ከሆነ ተባዩ ቀድሞ ይሞታል፣ ትንሽ ካለፈ ተክሉም አብሮ ይሄዳል። እኔማ «ጎመን ልትቀቅይ ነው?» ብዬ ሳቅኩባት። አልሳቀችም።

ቴርሞሜትር ተውሳ ድስቱ ላይ አጎነበሰች። ሲሞቅ ቀዝቃዛ ጠብ ታደርጋለች፣ ሲበርድ ሙቅ ትጨምራለች... ይኼኔ ቄስ የሆኑት አባታችን ከቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ምንም ሳይጠይቁ መስቀላቸውን አውጥተው አጠገቧ ቆመው መጸለይ ጀመሩ። ድስቱ ውስጥ ያለው ጸበል መስሏቸዋል ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

ተክሉን ነክራ አውጥታ መልሳ ተከለችው። ቅጠሉ ሁሉ ልፍስፍስ ብሎ ደረቀ። ዝናሽም ልብሷን ማጠፍ ያዘች።

የጉዞዋ ቀን ሳይደርስ ሳምንታት አለፉ። ከደረቀው መሀል አንድ ንጹህ ቅጠል ብቅ አለ፣ ከዚያ ሌላ... ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከእናቲቱ ረጅም ሐረግ ወጥቶ፣ መሬት ለመሬት ሄዶ ሄዶ፣ ጫፉ ላይ ትንሽዬ እንጆሪ ሥር ሰዳ ቆማለች። ማንም አልተከላትም እኮ። ተቀቅላ የሞተች ያልኳት ተክል ልጅ ወለደች። ተንበርክኬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አባቴ ሲመጡ ለእንጆሪም የሚደገም ጸሎት አለ እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለእንጆሪው መች ጸለይኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ እንዳትሄድብኝ ነው እንጂ።»

ዝናሽ ከኋላችን ቆማ ሰምታለች። ወደ ቤት ገባች። እኔም ሥራዬን ብዬ ወጣሁ።

ማታ ስመለስ ያ የጅዳ ሻንጣ ጓሮ ተቀምጧል... አፈር ተሞልቶ፣ ትንሽዬዋ እንጆሪ ከነሐረጓ ውስጡ ተተክላ። ከእንግዲህ ዚፑን ማን ይዘጋዋል?