ከጦር ኃይሎች እስከ ቀራንዮ ምሳ ፍለጋ

እሑድ፣ ሊነጋጋ ሲል

ጦር ኃይሎች አጠገብ ካለችው ክፍሌ ስወጣ የፓስቲ ጠባሾቹ እሳት ቀድሞኛል። በአምስት ሳንቲም ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ ይሰጣል። ወንበር የለም፣ መጠበቅም የለም። በምሠራበት የአናጢ ቤት የአራታችንም ምሳ ይኸው ነበር። ዕረፍታችን አጭር ስለሆነ ሽሮ ቤት ገብተን ወጥ እስኪቀርብ ብንቆይ አሠሪያችን ጋሽ ወልዴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል።

ሰሞኑን ግን የእንጨት መላጊያው ላይ ባጎነበስሁ ቁጥር ጨጓራዬ እንደ ፍም ያቃጥለኝ ጀመር። ክሊኒክ ሄጄ ድሬሰሩ፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ሆዴን ተጭኖ ካየ በኋላ፣ «ወይ ጥብሱን ትተዋለህ፣ ወይ መላጊያውን» አለኝ። እኔ ደግሞ ከመላጊያ ሌላ ሙያ የለኝም። ስለዚህ ዛሬ የማያቃጥለኝ ምሳ ፍለጋ ቀራንዮ፣ አክስቴ እትዬ ዘነበች ዘንድ እየሄድሁ ነው።

ረፋድ፣ ጋሪ ላይ

መንገዱ ኮረኮንች ነው። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች፣ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ነጫጭ ነጠላዎች። ባለጋሪው ክርኑ የተጣፈ ካፖርት ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው ልጓም፣ በሌላው ፓስቲ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ጨጓራ አያስቸግርዎትም?»

«ቀኑን ሙሉ ከፈረሱ ጋር ሲሮጥ የሚውል ጨጓራ መቼ ጊዜ አግኝቶ ያመኛል!» ብለው ሳቁ። ቆየት ብለው በአገጫቸው ወደ ፈረሱ አመለከቱ። «ጌታው እሱ ነው። ገብሱን ሳይበላ ንቅንቅ አይልም። ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። እኔ ግን እንዲህ እየነዳሁ እበላለሁ።»

የተረፈችውን ፓስቲ ሊያካፍሉኝ ዘረጉልኝ። ሽታዋ አጓጓኝ፤ ግን አመስግኜ መለስሁላቸው።

ቀትር፣ ቀራንዮ

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ሳያወርዱ አገኘኋቸው። ከቤቱ ጀርባ እንሰት ቆሟል፤ ሥሩ ጎመን ተተክሏል። ችግሬን ነገርኋቸው። «ደህና ምግብ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም» አልሁ።

ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ድንጋይ አንስተው የተሸፈነበትን ቅጠል ሲገልጡ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ውስጡ ነጭ የቆጮ ሊጥ አለ።

«ይኸ የገባው ከክረምት በፊት ነው። የሚቆየውን ያህል እሱ ቆይቶልሃል። አንተ የምትጠብቀው እስኪጋገር ነው!»

ጨመቁት፣ ከተፉት፣ በእንሰት ቅጠል መካከል አድርገው ጋገሩት። ጎመኑን በአይብ ለወሱት። ወፍራም፣ ጠርዙ ቡናማ፣ መሐሉ ለስላሳ ቆጮ በላሁ። ሆዴን አዳመጥሁ፤ ዝም ብሏል።

«ስንት ያስወጣል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እንሰቱ ከጓሮ፣ ጎመኑ ከጓሮ። የወገቤን ዋጋ ካልጠየቅሁህ በቀር ርካሽ ነው» አሉና ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ከዚያ ወዲያ ጎመኑን እኔ ኮተኮትሁ፤ ውሃም ቀዳሁ።

ማታ ልሄድ ስነሣ በቅጠል የታሰሩ ሁለት የቆጮና የጎመን ጥቅልሎች አቀረቡልኝ። የአንድ ሰው ምሳ በዓይኔ ለክቼ አንዱን ብቻ ወሰድሁ።

«ምነው፣ ሌላውን ማን ሊበላው ነው?»

«ለእኔ አንዱ ይበቃኛል፣ እትዬ።»

«ለአንተማ ይበቃሃል» አሉና ሌላውን መልሰው አስቀመጡት።

ሰኞ፣ የአናጢ ቤት

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ቅጠሉን ፈታሁና፣ ከልጅነቴ እንደለመድሁት፣ «እንብላ» አልሁ።

«ምንድን ነው፣ ችግኝ ልትተክል ነው?» አለ አንዱ ባልደረባዬ። እየሳቀ ቆረሰ። ሁለተኛው ተከተለ፤ ሦስተኛው ጎመኑን ጠራረገ። በር ላይ የሚጠብቁን ጋሽ ወልዴ እንኳ መጥተው የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጡ። ለእኔ የደረሰችኝ ሁለት ጉርሻ ናት። ከሰዓት በኋላ ራበኝ፤ ግን አላቃጠለኝም። የጀመርሁትን የበር ጣውላ ሳላቋርጥ ላግሁት።

ከሥራ እንደወጣሁ ጋሪ ሳልጠብቅ በእግሬ ወደ ቀራንዮ ተመለስሁ። እትዬ ዘነበች በራፍ ላይ ናቸው።

«ስንት ሆናችሁ በላችሁት?»

«ከአሠሪያችን ጋር አምስት።»

ትናንት የተውሁት ጥቅልል ደጃፉ ላይ ነበር። አጠገቡም ሌሎች ሁለት ታስረው ተቀምጠዋል።

«በል፣ መጀመሪያ ውሃ ቅዳልኝ» አሉኝ። እንስራውን አንሥቼ ወደ ምንጩ ወረድሁ።