እትዬ ሮቡስቲያና በራቸው ላይ ያሰቀሉት ሰሌዳ

እትዬ ሮቡስቲያና ቁጭ ብለውም ቁጭ አይሉም። እየጠለፉ ድንገት ብድግ ይሉና በመስኮት ያያሉ፣ ውሻውን ይቆጣሉ፣ ተመልሰው ሌላ ወንበር ላይ ያርፋሉ። «እርስዎ ሲሞቱም ሳጥኑ ውስጥ መገላበጥዎ አይቀርም» እንላቸዋለን፤ ይስቃሉ።

ያን ዓርብ ግን ዕረፍት ያጡት በምክንያት ነው። ቤታቸው የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበን የምንጠልፍበት ነበር። ጥልፉ ገበያ ስለሚወጣ ባሎች ደስ ይላቸዋል። የማያውቁት ከመካከላችን አራታችን ቡድን መሆናችንን ነው፤ ነርሷ፣ ጡረታ የወጣችው ፖሊስ፣ እኔና እሳቸው። ባሏን የፈራች ሴት ክር ልትመርጥ ትመጣለች፤ እየመረጠች ትነግረናለች። ክፉ ነገር ሳይደርስ ልጆቿን ይዛ የት እንደምትጠጋ እንመክራለን። የጎደለን መኪና ነበር። ባለፈው ክረምት አንዷን ወደ ቪያሪካ ከተማ ልናሸሽ አውቶቡስ ስንጠብቅ ባሏ ደረሰብን። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት ቡድኖች የሚሰጠውን ድጎማ የጠየቅነው።

ተፈቀደልን። ያን ዓርብ ፍሬቴስ የሚባል ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ መኪናውን ይዞ መጣ፤ ከኋላው በር የሚያህል ሰሌዳ ጭኖ። «የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ቡድን» ይላል፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል።

«የት ልቸንክረው፣ እትዬ?»

«የትም አትቸነክረውም!» ቴሬሬ የምንለውን በበረዶ የቀዘቀዘ የቅጠል መጠጥ አቀበሉትና ሳይጠጣው መልሰው ወሰዱበት። «ልጄ፣ ውስጥ ሊዱቪና አለች። እኩለ ቀን ላይ ባሏ በሞተር ሳይክል ይወስዳታል። ይህን አንብቦ ሁለተኛ ይልካታል?»

«ደንብ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ለሕዝብ ይታይ ይላል። ካልተሰቀለ ቁልፉን ማስረከብ አልችልም።»

«ጓዳ ብንሰቅለውስ?» አልኩ።

«ከመንገድ መታየት አለበት።»

«እንግዲያው ባሎቹን ምሳ እንጥራና ይመርቁልን!» አለች ነርሷ ከውስጥ።

ፍሬቴስ ፊቱ ቀላ። «ደንቡን እኔ አላወጣሁት፤ እኔ መዶሻውን ነው የያዝኩት።»

እትዬ ሮቡስቲያና ግቢውን ዞሩት፣ ደገሙት። እምቢ ካሉ መኪናው ይሄዳል፤ እሺ ካሉ ሊዱቪና ትቀራለች። ሊዱቪና ባሏ ትራሱ ሥር ቢላዋ ማስቀመጥ መጀመሩን የነገረችን ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት ነው።

ድንገት በሩ ላይ ቆሙና «ተነሡ! ክራችሁንም ወንበራችሁንም ሰብስቡ። ከዛሬ ጀምሮ ጥልፉ እዚያ ነው» ብለው ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ወደ እኔ ቤት ጠቆሙ።

«እርስዎስ?»

«ሰው ሁሉ ቡድኑ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ይመን። ሰሌዳ ስታሰቅል ጥለናት ወጣን በሉ። መንገድ ላይ ሰላም አትበሉኝ፤ ባሎቻችሁ ሲያሙኝ አብራችሁ እሙኝ። ስትደውሉልኝ ግን መኪናውን ይዤ እደርሳለሁ። የባሌን ሸንኮራ በጭነት መኪና ሳመላልስ አይደል የኖርኩት?»

«እርስዎን ማማት መቼ አቅቶን ያውቃል» አለች ጡረተኛዋ። የሳቀ የለም።

ፍሬቴስ ሰሌዳውን በራቸው ላይ ቸንክሮ ቁልፉን አስረከባቸው። ወንበሮቹን አሻግረን ሳንጨርስ የሊዱቪና ባል ደረሰ። ሰሌዳውን አየ፤ ከሥሩ የቆሙትን እትዬ ሮቡስቲያናንም።

«ይቺ አሮጊት ደሞ ምን ነካት?»

ሊዱቪና ከኋላው እየተፈናጠጠች «እኔ ምን አውቄ! ሥራ ፈት!» አለች፣ እሳቸው እንዲሰሙ አድርጋ። እትዬ ሮቡስቲያና ፊታቸውን አዞሩ።

በቀጣዩ ሳምንት ሊዱቪና እኔ ቤት መጣች። ክር እየመረጠች ሳለ ከአጥሩ ማዶ መኪናው ሲነሣ ሰማን። ጠፋ። እንደገና ተነሣ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች።

«አልነሣም እንዳይላቸው እየሞከሩት ነው። ጠዋት ማታ ይሞክሩታል» አልኳት።

ሞተሩ እስኪጠፋ አዳመጠች። ከዚያ ክሩን አስቀምጣ የልጆቿን ልብስ እኛ ዘንድ ማስቀመጥ ትችል እንደሆነ ጠየቀችን።