ለቅርብ መንገድ ጭኮ አይያዝም

ልጄ ነገ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዛ ሰኮሩ ሠርግ ልትሄድ ነው። እናቴ ከማለዳ ጀምራ ገብስ ትቆላለች። ሽታው እህቴ ዘሃራ ቤሩት ወደሄደችበት ጠዋት መለሰኝ።

ያን ጠዋት በቾ ቦሬ ሰፈር ቤታችን ውስጥ ነን። እናቴ ለሩቅ መንገደኛ የሚያዘውን ጭኮ ልትሠራ የተቆላ ገብስ ዱቄትና ቅቤ አቀረበች። አባቴ ግን ሳቀባት።

«ከዚህ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ነው። ከዚያ ቤሩት በአየር ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም አሉ። ታዲያ ይሄ ሩቅ ይባላል?»

እናቴ አመነችውና ዱቄቱን መለሰችው። ዘሃራም፣ «ኢንሻአላህ ለአረፋ ስመጣ ትሠሪልኛለሽ» አለቻት። እኔ በልጅ ልቤ በየሳምንቱ እየመጣች የምትሄድ መስሎኝ አላለቀስኩም።

በሦስተኛው ዓመት አስከሬኗ መጣ። እውነትም አውሮፕላኑ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ከቀብር ስንመለስ እናቴን ጓዳ አገኘኋት፤ እንባዋ እየወረደ ዱቄቱን በቅቤ ታሻለች።

«እማዬ፣ ለማን ነው?»

«ለዘሃራ ነዋ! ሩቅ ነው ለካ።»

አሁን የቆላችውን ገብስ አስፈጭታ ታሸዋለች። ሰኮሩ ቅርብ ነው የሚላት ሰው ቤታችን ውስጥ የለም።