ከጠረጴዛው ሥር የቀረው ባልዲ

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ የሆነ ነገር ነው። ዓመታት ቢያልፉም ጾሙ በገባ ቁጥር ያ ቢጫ ባልዲ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ለሥራ ብዬ አራዳ መጣሁ፣ እንደወጣሁ ቀረሁ። ያኔ የምንኖረው ከምኒልክ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው፤ ስምንት አባወራ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ። እናቴ አገር ቤት ናት። ስልክ ከተቋረጠ ሦስት ወር አልፎታል። አለች ወይ የለችም የሚለኝ ሰው አጥቼ፣ ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ዕንባዬን እዚያው ጠርጌ ወደ ሥራ እሄድ ነበር።

እድራችን ደብረ ብርሃን ለገቡ ተፈናቃዮች ደረቅ ምግብ እናዋጣ አለ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ተሰበሰበ። መረከቡ ጥንቁቅ ናት ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። እውነትም የፍስክ ነገር እንዳይቀላቀል እያንዳንዱን ፌስታል ፈትቼ አሸት ነበር።

እማማ ዘይነባ ባልዲያቸውን ይዘው መጡ። የስልጤ ሴት ናቸው፤ አትክልት ተራ ሽንኩርት ይነግዱ ነበር። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ክዳኑን ስከፍተው የቅቤው ሽታ አወደኝ። ጩኮ ነው፤ በቅቤ የተለወሰ በሶ።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ቅቤ አለው።"

"ያለ ቅቤ ጩኮ አለ እንዴ?"

"ጾም ነው እኮ!"

"እኔ መቼ ለጳጳስ ላኩ? ለሕፃን ነው እንጂ!"

ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። "ከሌላው ጋር ይነካካል፣ የሰው ጾም አላስፈታም" ብዬ ባልዲውን ከጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረግኩት። እማማ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካክለው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ከጭነት መኪናው ጋር አብሬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ለእርዳታው ብቻ አልነበረም፤ ያገሬን ሰው ካገኘሁ ስለ እናቴ ልጠይቅ ነው። ተፈናቃዮቹ ያረፉት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። በሶ እያደልኩ ሁሉንም "ከየት ነው የመጣችሁት?" እላለሁ። አንዱ ክፍል ውስጥ ሴት ልጇን ያቀፈች ሴት ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ የእትዬ ጥሩ ልጅ አይደለሽም እንዴ?"

ስንዱ ናት፤ አገር ቤት አጥራችን አንድ ነው። "እናቴስ?" አልኳት።

"ደህና ናቸው! እግሬ አያራምደኝም ብለው ቀሩ እንጂ ደህና ናቸው። እንዲያውም ስንወጣ ለገና ያስቀመጧትን ቅቤ አውጥተው በበሶ ለወሱልኝ። መንገዱን አራት ቀን ይቺ ልጅ በእሱ ነው የዘለቀችው።"

"በጾም?" አልኩ ሳላስበው።

"እሳቸውማ ይጾማሉ። ጨው ይብቃው አይብቃው መቅመስ ስላልቻሉ ልጅቷን ነው ያስቀመሷት።"

ደስታውም ኀፍረቱም አንድ ላይ መጣብኝ። የያዝኩትን በሶ በውኃ በጥብጬ ለልጅቷ ሰጠኋት። አንዴ ተጎነጨችና ፊቷን አዙራ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ምን ትቼ እንደመጣሁ አውቃለሁ። ሕፃን እንደማይጾም ጠፍቶኝ አልነበረም። እጄ እንዳይነካ ስጠነቀቅ ልጆቹን ረሳኋቸው።

ፒያሳ ስመለስ ቤቴ ሳልገባ የእማማ ዘይነባን በር አንኳኳሁ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"መጀመሪያ ንገሪኝ፣ እናትሽ አለች?"

"አለች፣ እማማ።"

"አልሐምዱሊላህ! በይ ተነሽ። ባልዲው ካስቀመጥሽው ቦታ አለልሽ። እኔ የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም።"

ቅዳሜ ባልዲው ሄደ። ስንዱ ዘንድ መድረሱን በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እኔና እማማ ዘይነባ በየጾሙ ለተፈናቃይ ልጆች አብረን ጩኮ እንለውስ ነበር። እኔ ስጾም እሳቸው ይቀምሱልኛል፤ በረመዳን ደግሞ የሾርባቸውን ጨው የምቀምስላቸው እኔ ነኝ።

ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ ፈርሷል። እሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ እኔም በሌላ በኩል ተከራየሁ። ስልኩ ሲከፈት የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፣ ኋላም ሄጄ ዓይኗን አየሁ፤ ተመስገን። የወሎ ናፍቆት ሳያንሰኝ አሁን የዚያ ግቢም ናፍቆት ተጨመረብኝ።

ዘንድሮም ተፈናቃይ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ጩኮ ለወስኩ። ብጨርስም መቅመስ አልችልም፣ ጾም ነው። ባልዲውን ታቅፌ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ እማማ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። ቆንጠር አድርገው አፋቸው ውስጥ ጣሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ጨው አንሶታል" አሉኝ። "እኔ ከሌለሁ አትችይበትም ማለት ነው!"

እውነታቸውን ነው።