ያልተቀመሰ የአኖ እንጉዳይ

ቅዳሜ ጠዋት ከነቀምቴ የተነሳሁት ሚስቴን ሌንሴን አኖ ካለው ከእናቷ ቤት ለመመለስ ነው። ጸቡ የመጣው በእንጉዳይ ነው። አማቴ ከአኖ መስክ ለቅመው የላኩትን ሌንሴ ሠርታ ልታቀርብ ስትል፣ አብራን የምትኖረው እናቴ «የጅብ ጥላ በልጄ ቤት አይበላም» ብላ ደፋችው። እናቴ ጎጃም ያደገች ናት፤ እንጉዳይ ሁሉ መርዝ ይመስላታል። ሌንሴ ደግሞ «እናቴን መርዘኛ አደረገቻት» ብላ ልብሷን ሸክፋ ሄደች። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እንዲህ ያለው ቀዳዳ ግን በየት በኩል እንደሚጣፍ አላውቅም።

ጎረቤቶቼን ሽማግሌ ሁኑኝ ብላቸው በእንጉዳይ ጸብ አንሸመግልም ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ ብቻዬን ከሰፈሬ ከበከኒሳ ቀሴ በባጃጅ መናኸሪያ ወረድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቀን ስንነሳ ዝናቡ ያዘን። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን፣ ጎኔ ያለው ሰውዬ ዶሮ አቅፎ፣ እስከ ስሬ ከተማ ጉልበቴን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። የምናገረውን ይቅርታ ደጋግሜ ሳሰላስል አኖ ደረስን።

አኖ

አማቴን ያገኘኋቸው ከቤታቸው በታች ባለው የግጦሽ መስክ ላይ ጎንበስ ብለው ነው።

«አካም ጅርቱ፣ አዮ?» አልኳቸው።

ሰላምታዬን መለሱልኝ፤ ጸቡን ግን አላነሱም። ዝናብ ያወጣውን እንጉዳይ እየነቀሉ ይገለብጡታል። ከባርኔጣው ሥር ሮዝ የሆነውን ኮባ ቅጠል ላይ ያኖራሉ፤ መርዘኛውን፣ ነጩንና ግንዱ ሥር ከረጢት ያለውን፣ እዚያው ይተዉታል።

ቤት ገብተን በቅቤና በሽንኩርት ጠብሰው አቀረቡ። የቤቱን ደንብ አውቀዋለሁ፦ እንጉዳይ የለቀመ ሰው እንግዳው እያየ ቀድሞ ይጎርሳል። ሌንሴ ጥግ ተቀምጣ ፊቷን አዙራለች። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ደክሞኛል፤ ያሰላሰልኩት ይቅርታ ሁሉ ጠፍቶብኛል። አማቴ እጃቸውን ታጥበው እስኪቀርቡ ሳልጠብቅ ጎረስኩ።

«ቱራ፣ ቱራ» አሉ ደንግጠው፣ ቆዩ ማለታቸው ነው። «እኔ መች ቀመስኩ?»

«እርስዎ የለቀሙት አይደል እንዴ?» አልኩ አፌ እንደሞላ።

ሌንሴ ከጥጉ ተነሳችና ከጎኔ ተቀምጣ አብራኝ በላች። ስንወጣ አማቴ የቀረውን ጥሬ እንጉዳይ በኮባ ጠቅልለው ሰጧት።

ቤት

ወገቤ ተቆራርጦ ነቀምቴ ገባን። እናቴ የኮባውን ጥቅል አየች። ሌንሴም ሠርታ አቀረበች፤ ከዚያ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ ቀድማ ጎረሰች። እኔም ተከተልኩ። እናቴ ሁለታችንንም ትክ ብላ አየችን እንጂ እጇን አልዘረጋችም።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ ሰው የማያውቀውን ምግብ የሚጎርሰው አብሳዩን ካመነ መሆኑን ነው፤ ያንን እምነት ደግሞ ሽማግሌ ልኮ ማምጣት አይቻልም። እናቴን ለማግባባት ግን አቅም አልነበረኝም፤ ገብቼ ጋደም አልኩ። ከመጋረጃው ወዲያ የድስት ክዳን ሲነሳ ሰማሁ።

«ሌንሴ» አለች እናቴ፣ «ጨው አንሶታል።»