ጀርባ የሌላቸው ቤቶች

የአጎቴ አርባ ወጣ፤ እኔ ግን እስካሁን ከእሳቸው ጋር መጨቃጨቄን አልተውሁም።

ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው መሬታቸው ላይ ከጓደኞቼ ጋር የቴሌቪዥን ድራማ ስቱዲዮ ስንከፍት፣ ለቀረጻ የሚሆን መንደር ሠራን። ቤቶቹ የፊት ግድግዳ ብቻ ነበራቸው፤ ካሜራ የሚያየው ፊታቸውን ነዋ! አጎቴ ግን ይህ አልዋጥላቸው አለ። ቀረጻ በሌለ ቀን ጭቃ አቡክተው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ ከኋላ ግድግዳ ያቆማሉ፤ ሣርም ይከድናሉ። እኛ የቀረጻ መብራት እንዲገባ ብለን እናፈርሳለን፣ እሳቸው መልሰው ይሠራሉ።

«ኧረ አያ፣ ምነው?» እላለሁ ተማርሬ። «ማን ሊኖርበት ነው?»

«ጀርባ የሌለው ቤት ብርድ ያስገባል» ይሉኛል።

በኋላ ገንዘብ አጥሮን ስቱዲዮው ተዘጋ። ጦርነቱ ከደጋው ያፈናቀላቸው ሰዎች ሲመጡ አጎቴ እኔን ሳይጠይቁ መንደሩን ሰጧቸው።

«የስቱዲዮ ንብረት እኮ ነው!» ብዬ ጮህሁ።

«መሬቱ የእኔ፣ ጀርባው የእኔ። አንተ ፊቱን ይዘህ ሂድ።»

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ክረምቱ አንዱን ግድግዳ ሰንጥቆታል። በቤቱ የምትኖር እናት ልጇን እንዳዘለች፣ «አያ ቢኖሩ ኖሮ...» አለችኝ። ስንጥቁን ልደፍን ኮቴን አውልቄ ጭቃ መርገጥ ጀመርሁ። አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይደርቃል፤ ጭዱ ምን ያህል እንደሚገባ እንኳ አላውቅም።

ኧረ አያ፣ ይህን ሳያሳዩኝ አሁን ይሞታል?